የመጋዘኑ በር ጠያቂ

በአሰላ የእህል መጋዘን በር ላይ ጆንያ የሚሸከሙት ሁሉ ከዲክሲስ አገር የመጡ ሰዎች ነበሩ። እንግዳ የመጣ ሰው ዘሩን ቆጥሮ የነሱ መሆኑን ካላስረዳ ሥራ የለው፣ ማደሪያ የለው፣ ቢሞት የሚቀብረው እድር የለው። ትራክተር ጭሰኛውን ባፈናቀለበት በዚያ ዘመን ደግሞ የማይመጣ አልነበረም።

መጪውን የሚመረምረው ከዲሮ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያለ እስከ ቅድመ አያት ይጠይቃል። የሸካሚዎቹ አለቃ ሀሰኖ ትጋቱን ወዶለት ልጁን ሰኪናን ሊድርለት ቃል ገብቷል። ከዲሮ ራሱ ግን የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ገበሬው ማረሻ የሚያሠራው፣ ቡዳ ነው ብሎ ግን ከቤቱ የማያስገባው የዚያ ሰው ልጅ። አባቱ በየመንደሩ ብረት ሲቀጠቅጥ እሱ ወናፍ እያናፋ የየቤቱን የዘር ሐረግ ሰምቶ አድጓል። አሰላ ሲገባ ወደ ባሌ የተሰደደ የአንድ ቤተሰብ ሐረግ መርጦ የኔ ነው አለ፤ አመኑት። የወናፍ አናፊን ፊት ማን ልብ ብሎ አይቶ! ጠያቂ የሆነውም ወዶ አይደለም፤ የሚጠይቅ ሰው አይጠየቅማ።

በሐምሌ አንዲት አሮጊት በዝናብ ርሳ መጣች። ገበሬው ከተነቀለ ወዲህ ማረሻ የሚያሠራ ጠፍቶ፣ ባሏ በችግር ሞቶባት፣ ልጇን ፍለጋ በእግሯ የመጣች ናት። ሸካሚዎቹ «እናቴ፣ እዚህ ይጠጉ» ብለው ከጣሪያው ሥር አስጠጓትና ከዲሮን ጠሩት። ከዲሮ መጥቶ አያት። እናቱ ናት።

እሷም ቡሉኮውን፣ ጫማውን፣ አጠገቡ የቆመውን ሀሰኖን አየችና ነገሩ ገባት።

«ልጄን ነበር የምፈልገው» አለች። «እዚህ የለም።»

ሀሰኖ አዘነላትና እኔ ቤት ከሰኪና ጋር ትደር አለ። እዚህ ላይ ከዲሮ ዝም ቢል ምንም አይደርስበትም ነበር። ግን እናቱና እጮኛው አንድ ምድጃ ዳር ሲያወሩ ታየውና ፈራ። ፈሪ ደግሞ ከክፉ ይብሳል።

«ይህችን ሴትዮ አውቃታለሁ» አለ። «የቀጥቃጭ ሚስት ናት።»

ቅድም እናቴ ያሏት ሰዎች ሸሿት፤ አንዱ «ውጪ!» አላት። አሮጊቷ አልካደችም። «እውነቱን ነው» ብላ ሻሿን አስተካክላ ወደ ዝናቡ ወጣች።

በመስከረም ጉቱ የሚባል ተፈናቃይ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጣ። ዘሩን አንድም ሳይስት ቆጠረ፤ መንደሩ ሩቅ ስለነበር ግን ሐረጉን ከከዲሮ በቀር የሚያውቀው አልተገኘም። የአገር ወሬ ሲጠይቁት፣ በክረምቱ አንዲት የቀጥቃጭ ሚስት መንገድ ዳር ወድቃ አግኝቶ ውሃ እንዳጠጣት፣ ስትሞትም ሰው ሁሉ ስለሸሻት ብቻውን እንደቀበራት ነገራቸው።

«ደስ ብሏት ነው የሞተችው» አለ። «ልጄን አሰላ አገኘሁት፣ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ትል ነበር።»

ሀሰኖ ነገሩን ልብ ሳይል ወደ ከዲሮ ዞረ። «እህ፣ ይህ ሰው የኛ ነው?»

ከዲሮ እናቱን አፈር ያለበሱትን እጆች አየ።

«አይደለም» አለ። «አላውቀውም።»

ጉቱ ትንሿን ልጁን አዝሎ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።