የታጠበው ግልገል

የመካነ እንስሳቱ ቀላቢ የጦጣዋን ግልገል ባልዲው ላይ ይዛ ለብ ባለ ውሃ ታጥበዋለች። እናቱ ገና ንጋት ላይ ወልዳው፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ትታው፣ ድካም ጥሏት ግድግዳውን ተደግፋለች። አምስት ልጅ ያሳደገች፣ ሃያ ዓመት አራዊት የቀለበች ሴት፣ በደም የተለወሰ ሕፃን አይታ እጇን አጣጥፋ ልትቆም ነው? ሳሙና አስነክታ፣ በሻሿ አድርቃ፣ አሳምራ እናቱ ጭን ላይ አኖረችው።

እናቱ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ከዚያ እንደ ሰው ዕቃ ገፋ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

"ምን ነክቶሽ ነው? ያንቺው እኮ ነው" አለቻት ቀላቢዋ።

የእንስሳት ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። የዚህ ዘር ጦጣ ዱር ውስጥ የቀረው በጣት የሚቆጠር ነው፤ እዚህ መካነ እንስሳት ደግሞ ሲወለድ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ወተት በመርፌ ጠብ ቢያደርግለትም አልዋጠም። እኩለ ቀን ላይ ግልገሉ እዚያው ሐኪሙ መዳፍ ላይ ሞተ።

"ሳሙና ሳሙና ይላል" አለ ሐኪሙ።

"አጥቤው ነዋ። በደሙ ይቀመጥ ኖሯል?"

"እማማ፣ እናቱ የምታውቀው በጠረኑ ነው። ራሷ ልሳ ነበር የምታጠራው።"

ቀላቢዋ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ጦጣዋ ከተደገፈችበት ተነስታ የወለደችበትን ሲሚንቶ እየዞረች ታሸታለች። ልጇን እዚያ ነው የምትፈልገው።

ሐኪሙ መዝገቡን ከፈተ። "ደካማ ሆኖ ተወለደ ብዬ እጽፋለሁ። ኃላፊው ከሰማ አንድ ቀን አያሳድርዎትም።"

"ደካማ? ጩኸቱ በር ላይ ነው የተቀበለኝ። የሞተ አትማ፣ ልጄ።"

"ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ ስትዋሽ ለዚያችኛዋ ማን ይደርስላታል?" ሆዷ የገፋውን ሌላዋን ጦጣ በአገጯ አሳየችው። "ነገ አንዷ ልጅ አሳዳጊ ነኝ ባይ መጥታ ታጥብላታለች። ጻፍ።"

ጻፈ።

"አንብብልኝ።"

"ቀላቢዋ ግልገሉን በሳሙና አጠበችው።"

"አልጨረስክም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ባለማወቅ በልበት።"

ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ቃሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ዓይኗን ከብዕሩ አላነሳችም።