የተዝካር ናፍጣ

ሾፌሩ አለሜ ቁልፉን ሲያዞረው አሮጌው ላንድክሩዘር ሁለቴ አስነጠሰ፣ አንዴ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያም ተነሣ። ምስክር «ተነሣ! ተነሣ!» እያለ እንደ ልጅ ዘለለ። እማማ አሰለችም እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እልልታው ከጉሮሯቸው ሳይወጣ ግን የመኪናው ጭስ ቀድሞ አፍንጫቸው ደረሰ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ጥፍንግ አድርገው ያዙ።

ጭሱ ዶሮ ዶሮ ይሸታል።

ዶሮ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። መጀመሪያ ዶሮ፣ ቀጥሎ የተጠበሰ እንቁላል፣ ከሥሩ ደግሞ ሽንኩርት። ቀኑ ረቡዕ፣ ጾሙ ሁዳዴ፣ ሰዓቱ ገና ማለዳ ነው። በዚህ ሰዓት ላሊበላ ውስጥ ከቱሪስት በቀር እህል የሚቀምስ የለም፤ ቢኖርም አይናገርም።

«ምስክር» አሉ እማማ አሰለች በነጠላቸው ውስጥ ሆነው፣ «ይኸ የምን ሽታ ነው?»

«የቱ ሽታ?» አለ ምስክር፣ የራሱን አፍንጫ በእጁ ጀርባ እያሸ።

እማማ አሰለች የመሪጌታ የሻው ባለቤት የነበሩ፣ ወልደው ያልሳሙ፣ እርጅና ያልበገራቸው ሴት ናቸው። ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ተዝካሩን የሚያወጣለት ዘመድ ነው፤ የዘመድን ነገር ደግሞ እሳቸው በዓይናቸው አይተዋል። የጎረቤታቸው ተዝካር ሲወጣ ወጡ ቀጥኖ፣ ጠላው ውሃ ውሃ ብሎ፣ ካህናቱ እየተያዩ በሉ፤ ሐሜቱም ዓመታት አልፎት ገና አልበረደም። ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ አሰለች «እኔስ በዘመድ እጅ አልወድቅም» ብለው የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ፣ ማለትም በሕይወት ሳሉ ደግሰው ካህኑንና አገሩን ሊያበሉ ቆረጡ። ሰው በልቶ ጠጥቶ «አሰለች እንዲህ አድርጋ አበላችን» ሲል በገዛ ጆሯቸው ሰምተው መሞት ነበር ምኞታቸው። የባላቸውን በሬዎች ሸጡ፣ ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አሰሩት። ለዳግማይ ትንሣኤ ለካህናቱ ቀጠሩ።

ምስክር የመጣው ይኸኔ ነው። የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ኬሚስትሪ ተምሮ ሲመለስ ሥራ ሳይሆን ሐሳብ ይዞ መጣ። ሚሊኒየሙ የተከበረበት ዓመት ነው። ናፍጣ ከወልድያ በበርሜል እየተጫነ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል። ምስክር ከምግብ ዘይት ባዮዲዝል የሚባል ነዳጅ የሚያወጣ ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው ሲባል አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ ጥቂት በርሜልና ራሱ ምስክር ነው። ስብሰባ ተጠርቶ «ልማታዊ ወጣት» ተብሎ ተጨበጨበለት፤ ከጭብጨባው በቀር ግን ኪሱ የገባ ነገር የለም። ስለዚህ ወደ አክስቱ ሄደ።

«አክስቴ፣ ያ ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ከሚከርም አክሲዮን ይግዙበት» አላቸው።

«አክሲዮን ምንድን ነው? ይበላል?»

«አይበላም። ገንዘብዎ ሠርቶ ይወልዳል።»

«እኔ ያልወለድሁትን ገንዘቤ ሊወልድ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። «ለፋሲካ ይደርሳል?»

«ለፋሲካ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። አንድ ሰንጋ ያሰቡት ሁለት ይጥላሉ።»

እማማ አሰለች ሁለት ሰንጋ ሲባል ልባቸው ላላ። ቁልፉን ከአንገታቸው ፈቱ። አንድ ነገር ግን አስማሉት፤ የተዝካር ገንዘብ ነውና ዘይቱ የጾም ይሁን አሉት። «ዘይት እኮ ከእህል ነው የሚወጣ፤ ሁሉም የጾም ነው» ብሎ ማለላቸው። መሐላው ውሸት አልነበረም። ዘይቱ ከእህል የወጣ ነው፤ ምስክር የገዛው ግን ከቱሪስት ሆቴሎች ጓሮ፣ ፈረንጅ በሁዳዴ የሚበላው ዶሮ ሲጠበስበት ከከረመ በኋላ ነው።

ዛሬ ሙከራው ነው። የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ከፋለ፣ ይኸ ላንድክሩዘር በምስክር ዘይት ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ደርሶ ከተመለሰ ማኅበሩ የሚመረተውን ሁሉ ሊገዛ ቃል ገብቷል። መንገድ ላይ ከቆመ ኩባንያው አለቀለት፤ የእማማ አሰለችም ተዝካር አብሮ ገደል ገባ። ከፋለ የራሱን መኪና አስነሥቶ ከኋላ ቆሟል። መስኮቱ ላይ አሥራ ሁለት ክንድ የሚሆን የመጎተቻ ገመድ አንጠልጥሎ ያሳያቸዋል።

«ምን ይታወቃል ብዬ ነው እማማ» አለ ፈገግ ብሎ።

ጉዞውን ሊባርኩ የተጠሩት የነፍስ አባታቸው ቄስ ሀብተ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ሲደርሱ ጭሱ ተቀበላቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ወለተ ኪዳን» አሉ፤ እማማ አሰለችን በክርስትና ስማቸው የሚጠሯቸው ቀን ነገር አለ ማለት ነው። «ይኸ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነው አባቴ። የጾም ዘይት።»

«የጾም ዘይት ዶሮ ይሸታል?»

አለሜ ከመሪው ላይ ሆኖ «ከዶሮ ጋር ውሎ ነው አባቴ» አለ። የማይናገር ሾፌር ብርቅ ነው።

«አጥቤዋለሁ እኮ!» አለ ምስክር። «ሦስቴ አጥቤዋለሁ!»

ቄስ ሀብተ ሥላሴ ብዙ አሰቡ። ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ጭስ ማውጫው አዩ። በመጨረሻም «ሽታ ጾም አይፈታም» ብለው ፈረዱ። «ፈተና ግን ነው። እንግዲህ ተፈትነን እንሂዳ።» አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ገቡ።

ከከተማው ሳይወጡ ውሾቹ ተከተሉ። መጀመሪያ አንድ ቡችላ ነበር፤ ከዚያ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ወረደ። አለሜ ሲፈጥን ይሮጣሉ፣ ዳገት ላይ ሲያዘግም ጎማውን ከበው ምላሳቸውን ያስረዝማሉ። መኪናው ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ዳገቱን እየበላ ይወጣል። አለሜ ራሱ ተደንቆ «በናፍጣ እንዲህ አይጎትትም ነበር» አለ። ምስክር ይኸን ሲሰማ አንገቱ ቀና አለ። ከፋለ ከኋላ፣ ከእነጾሙ፣ ጭሱን ሙሉ በሙሉ እየተቀበለ ይከተላል።

ብልብላ ሲደርሱ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ የሻረግ የምትባል ሴት ከመደቧ ተነሣች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» ብላ ጮኸች፣ «በሁዳዴ የማን ድግስ ነው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። እማማ አሰለች ከመስኮቱ ሥር ዝቅ አሉ፤ አፈሩ። የመሪጌታ የሻው ሚስት፣ በጾም ቀን የዶሮ ሽታ ተሸክመው አገር የሚያዞሩ! መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይወዱ ነበር። «ንዳው፣ ንዳው» አሉ አለሜን።

ይምርሐነ ክርስቶስ ግርጌ፣ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ አንዴም ሳያጉረመርም ቆመ። ምስክር ወርዶ የመኪናውን አፍንጫ ሳመ። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው ተሳልመው፣ ጠበል በጀሪካን ይዘው ተመለሱና በቀጥታ ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው ሄዱ።

«ክፈተው» አሉት ምስክርን። «ይኸን ሽታ የሚያወጣው ይኸ ጠበል ነው።»

ምስክር ክዳኑ ላይ በደረቱ ተለጠፈ። «አባቴ በእግዜር! ውሃ ከገባበት ይሞታል!»

«ጠበል የሚገድለው ምን ያለ ነገር ነው?» አሉ ቄስ ሀብተ ሥላሴ፣ ዓይናቸው ፈጥጦ። «እኔ የማውቀው ጠበል የሚያስለቅቀው አንድ ነገር ነው!»

«እሱ አይደለም፣ ኬሚስትሪ ነው!»

«እሱም ስሙን ሲጠይቁት እንዲሁ ነው የሚል፣ አይደለሁም ይላል።»

ነገሩ ሲከር እማማ አሰለች መሐል ገቡ። ከመሪጌታ ጋር ዕድሜያቸውን የኖሩ ሴት ሥርዓቱ አይጠፋቸውም። «አባቴ፣ ይኸ ዘይት ገና ንኡሰ ክርስቲያን ነው» አሉ። «ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ለውስጡ አልደረሰም። ለጊዜው ከውጭ ከውጭ ይርጩት።»

ቄሱ ሊቆጡ ፈለጉ፤ ጢማቸው ግን ሳቁን መደበቅ አቃተው። ጠበሉን ጭስ ማውጫው ላይ ረጩት። የጋለው ብረት ጭስስ አለ፤ የተነሣው እንፋሎት ከዶሮነት አልፎ እውነተኛ ወጥ ወጥ ሸተተ። ውሾቹ በአንድነት እያላዘኑ ጮኹ።

ከፋለ ቀረበ፤ ከንፈሩ ደርቋል። «እኔ ውሳኔዬን ልናገር» አለ። «ሞተሩ ደኅና ነው፣ አልዋሽም። ግን መንገዱን ሙሉ ዶሮ እየሸተትሁ አንዲት ጉርሻ ሳልቀምስ መጣሁ። ተሳላሚውን በዚህ ጭኖ በጾም የሚሄድ የለም። ጾሙ ደግሞ ከዓመቱ ግማሽ ይበልጣል። ማኅበሩ አይገዛም።»

ምስክር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ለእማማ አሰለች ደግሞ ሁለቱ ሰንጋ፣ ጉሽ ጠላው፣ ዳሱ፣ ተርታውን የተቀመጡት ካህናት፣ ሁሉም ከፊታቸው እየተነሣ ሲሄድ ታያቸው። እንዳያለቅሱ ሰው ፊት ነው፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ።

ከፋለ ቀስ ብሎ ተጠጋቸውና ከሰው ለየት አደረጋቸው። ድምፁ ማር ሆኗል።

«እማማ፣ እርስዎ እንዲጎዱ አልፈልግም። ያን ድርሻዎን እኔ ልግዛዎት። የከፈሉትን ሳላጎድል እሰጥዎታለሁ። ተዝካርዎን በቀጠሮው ያውጡ።»

እማማ አሰለች ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ሊሉ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ይኸ ሰው እዚህ እንደደረሱ ከምስክር ቀድሞ ወደ አለሜ ሄዶ ዘይቱ ምን ያህል እንደጎደለ ጠይቋል። ደግሞም ጠይቋል። ማጠራቀሚያውን ራሱ ከፍቶ በእንጨት ሲለካ አይተውታል። ከፋለን ከልጅነቱ ያውቁታል፤ ገበያ ውሎ የተበለጠበትን ቀን ሰምተው አያውቁም።

«ከፋለ» አሉት።

«አቤት እማማ።»

«አንተ የሞተ በሬ ገዝተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ የለም። ምን አድርጌ?»

«እኮ» አሉት፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ከፋለ ጉሮሮውን ጠራረገ። እሳቸው ግን ትተውት ወደ ምስክር ሄደዋል። «ተነሥ ከድንጋዩ» አሉት። «ዶሮ ከሚጠበስበት መግዛቱን ተው። ሳምቡሳ ከሚጠብሱት ግዛ።»

«ሳምቡሳም ይሸታል እኮ አክስቴ።»

«ይሽተት! የምስር ነው!»

ምስክር ሊስቅ ብሎ ተወው። መሬቱን እያየ «ዘይቱ እስኪሰበሰብ፣ እስኪጣራ... ለፋሲካ አይደርስም» አለ። «በቀጠሮው አይደርስልዎትም። የከፋለን ገንዘብ ቢቀበሉ አልቀየምዎትም።»

ይኸን የተናገረው ከልቡ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። እማማ አሰለች አዩት፤ መላ ፊቱ በዘይት ተለቅልቋል፣ ጆሮው ሳይቀር። ልጅ ብወልድ ኖሮ እንዲህ ቆሻሻ ይሆን ነበር ብለው አሰቡ፤ ሐሳቡም ደስ አላቸው።

«ካህናቱ ቀጠሮ ይዘዋል» አሉ ቄስ ሀብተ ሥላሴ በቀስታ። «ምን ልበላቸው ወለተ ኪዳን?»

እማማ አሰለች ወደ መንገዱ ዞሩ። የከፋለ መኪና በሩ ተከፍቶ ይጠብቃቸዋል፤ ንጹሕ ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ወንበሩ ልብስ ለብሷል። ከፋለ እጁን ዘርግቶ «ይምጡ እማማ፣ እየሄድን እንነጋገራለን» አለ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ባጠገቡ አለፉና የአለሜ መኪና ጋቢና ገቡ።

«በላ፣ አስነሣው» አሉ።

ሲመለሱ ፀሐዩ በርትቷል፤ ሽታውም አብሮ በርትቷል። ውሾቹ መንገዱን ለምደውት ከፊት ከፊት ይሮጣሉ። ብልብላ ላይ የሻረግ ስታያቸው ሽንኩርቷን ጥላ መንገድ መሐል ወጣች። ከኋላዋ የገበያው ሰው ግማሹ ቆሟል።

«ዛሬስ ሳትነግሩን አታልፉም!» አለች። «የማን ድግስ ነው?»

አለሜ ጡሩምባውን እየነፋ ሊያልፍ ነዳጁን ረገጠ። እማማ አሰለች ክንዱን ያዙት።

«አቁመው» አሉ። መስኮቱን እስከ ታች ከፈቱና አንገታቸውን ከነነጠላቸው አወጡ። «የኔ ነው!»

«የምን ድግስ?»

«ተዝካሬ!»

የሻረግ አማተበች። «በስመ አብ! ሞተዋል እንዴ እማማ?»

«ገና ነኝ!» አሉ እማማ አሰለች። «ሲደርስ ሁላችሁንም እጠራለሁ!»

አለሜ መኪናውን አንቀሳቀሰ። እማማ አሰለች ከዚያ በኋላ ላሊበላ እስኪገቡ ድረስ መስኮቱን አልዘጉትም።