ባንድ መቀስ የተከረከሙ ምስክሮች

መቀሶ አገሩ እያለ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ያውም መላጣ ሰው ገብቶ ጎፈሬውን እያበጠረ የወጣበት ቀን አለ ብሎ የሚምል አስተካካይ። መቀስ ሲያንቀሳቅስ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዝናብ የጀመረ መስሎት ጃንጥላ ይዘረጋ ነበር። እንዲያውም መቀሶ የሚለው ስም ስለጸናበት የገዛ ባለቤቱም ትክክለኛ ስሙን የምታስታውሰው ፎርም ስትሞላ ብቻ ነው።

ጡረታ ወጥቶ ከባለቤቱ ጋር ወደዚህ አገር የመጣው አየሩ ተስማምቶት አልነበረም። አንዲት ልጃቸው እዚህ ሥራ ይዛ፣ እዚህ አግብታ፣ በአንድ ምጥ መንታ ስለተገላገለች ነው። መንቶቹ ባንድ ላይ ሲያለቅሱ እስከ ምድር ቤት ድረስ ያለ መስኮት ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ አያታቸው ስታቅፋቸው ግን ጸጥ ነው። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ሥራዋ የምትገባው እናቷ ስላለች ብቻ ነው።

አገሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያዘጋጀው የጡረተኞች የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ቪዛ አለ። ጡረታህን አሳይ፣ የጤና መድን ግዛ፣ የምትኖርበትን ቤት አሳውቅ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልብህ ኑር። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው፤ ተከፍሎህ መሥራት። ስትሠራ የተገኘህ ለታ ሻንጣህን ታነሣለህ። ይግባኝ የለ፣ ልመና የለ።

መቀሶ ሕግ አክባሪ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልተቀበለም። እጁ ግን ጡረታ መውጣቱን የነገረው የለም። ደረጃ ላይ አንድ የተዝረከረከ ማጅራት ካየ ምሳው አይወርድለትም። ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ኋላ ባለችው በረንዳ ላይ አንድ ወንበርና አንድ አንሶላ ተዘጋጀ፤ የሕንፃው ወንዶችም ተራ በተራ ይቀመጡ ጀመር። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። የሚጠበቅባቸው መቀሶ ስለ ራሱ ሲያወራ ማዳመጥ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለደካማ ሰው ቀላል ሸክም አልነበረም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። የፈቃዱ እድሳት ሲደርስ ከኢሚግሬሽን ተደወለ፤ ሐሙስ ከሰዓት ተቆጣጣሪ ትመጣለች፣ ቤቱን ታያለች፣ እንደማይሠሩ የሚመሰክሩ ሁለት ጎረቤቶችም ታነጋግራለች።

«ሁለት ጎረቤት ይበቃል ብለዋል» አለችው ባለቤቱ።

«ሁለት? ለእኔ? ሁለት ምስክርማ ብስክሌት የጠፋበትም ያቀርባል!»

«ሰውዬ፣ ሁለት ካሉ ሁለት ጥራ። በልጆቹ አትቀልድ።»

«አንቺ ሻዩን አፍዪ። ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

ሰባት ጠራ። የአውቶቡስ ሹፌር የነበረው የታችኛው ጎረቤቱ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቅዳሜ ሙሽራ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከእነሱም ሌላ አራት። መጥራቱስ ባልከፋ። ሐሙስ ጠዋት ግን ሰዎቹን አየት አደረገና፣ «እንዲህ ተንጨባርራችሁ ነው መንግሥት ፊት የምትቀርቡልኝ?» ብሎ ሰባቱንም አንድ በአንድ አንሶላው ሥር አስገባቸው። ጎኑ ዝቅ፣ አናቱ ከፍ፣ ከግንባር ወደ ኋላ በማስመሪያ የተሳለ የመሰለ መስመር። ይህን አቆራረጥ እሱ «ሚኒስትር» ነው የሚለው። በዚያ ጠዋት ከዚያች በረንዳ ላይ የተራገፈው ፀጉር ሦስት ፍራሽ ይሞላ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ በሰዓቷ ደረሰች። ወፍራም ቦርሳ፣ ወፍራም መነጽር፤ ትምህርት ቤት እያለች ሳቅ የሚሰጥበት ቀን የቀረች የምትመስል ሴት። ሳሎን ገብታ ቀና ስትል ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሰባት ሰው ሶፋና ወንበር ላይ ተደርድሯል፤ አንድ ሰው ሰባት መስታወት ፊት የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

«ወንድማማቾች ናቸው?» አለች።

«ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ልጄ» አለ መቀሶ።

ቦርሳዋን አስቀመጠችና ከኋላቸው ዞረች። ሰባት ማጅራት፣ ሁሉም እንደ ሳህን የጠራ።

«ማነው የቆረጣችሁ?»

ባለቤቱ ሻይ ማደሏን ትታ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። መቀሶም ያን ጊዜ ገና ምን እንደሠራ ገባው። ሹፌሩ ግን ውሸት የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነው፤ ደረቱን ነፍቶ፣ «እሱ ነዋ! ሌላ ማን ይችላል?» አለ።

«ስንት ያስከፍላል?»

«ምንም!» አሉ ሰባቱም ባንድ አፍ።

ተቆጣጣሪዋ ራሷን ነቀነቀች። «አባቴ፣ እኔ ወንድሞቼን ይዤ ያልገባሁበት ፀጉር ቤት የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ግን አላየሁም። ይሄ የእውነተኛ ባለሙያ እጅ ነው። እንዲህ የሚችል ሰው ደግሞ በነፃ አይሠራም። እዚህ ቤት ፀጉር ቤት ከፍተዋል ብዬ ብጽፍ ይፈርዱብኛል?»

እዚህ ላይ የመቀሶን መከራ ልብ ይሏል። ይህ አገር ከረገጠ ጀምሮ ከመንግሥት ሰው አፍ የሰማው ምስጋና ይኸው የመጀመሪያው ነው። የእውነተኛ ባለሙያ እጅ! ደረቱ ሲነፋ የሸሚዙ ቁልፍ ተስፈንጥሮ ጋጋሪው ሻይ ውስጥ ገባ። «ገና ምኑን አይተሽ» ሊል አፉን ከፈተ። ያኔ ከጓዳ አንደኛው መንታ አለቀሰ፤ ባለቤቱም ትሪውን እንደያዘች አየችው። ምስጋናውን ከተቀበለ ሻንጣ ነው።

«ኧረ ተይኝ ልጄ!» አለ። ድምፁ ከሰው ጉሮሮ የተዋሰው ይመስል ነበር። «ባለሙያ? እኔ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ብዙም አልችልም» ብሎ ዝም ባለ ነበር። መቀሶ ግን ከተወለደ ጀምሮ ትንሽ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

«በዚህ ምድር ላይ እንደ እኔ ያለ ፀጉር አበላሺ አልተፈጠረም! አገሬ እያለሁ እኔ የቆረጥኩትን ልጅ እናቱ አላወቀችውም፤ በሩን ዘግታበት እደጅ አደረ። ደንበኞቼ ሰው እንዳያያቸው ሲመሽ ነበር የምሸኛቸው። ነይ፣ ነይ፣ ራስሽ እዪው!» ብሎ የሹፌሩን ጭንቅላት እንደሚገዛ ሐብሐብ በሁለት እጁ ያዘው። «የግራው ጎን ከቀኙ በሁለት ጣት ይበልጣል።»

«ምን?» አለ ሹፌሩ፣ እጁን ወደ ጆሮው እየላከ።

«ይሄ ደግሞ ማጅራቱ አይጥ የበላው ዳቦ ይመስላል።»

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለ ጋጋሪው።

«ይሄ ምስኪን ቅዳሜ ሙሽራ ነው! በዚህ ጭንቅላት ፎቶ ሲነሣ ሙሽሪት ጥላው ፎቶ አንሺውን ታገባለች!»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከመቀመጫው ተፈናጠረ። «ጠዋት ‹ሚኒስትር ሆነሃል› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ለማበላሸት ካለ ሠርጌ ሰሞን ሌላ ቀን አልተገኘም? ስለ አጎትዎ በቅሎ ሳይቀር አዳምጬዎታለሁ እኮ!»

«ምን ላድርግህ ልጄ፣ እጄ ነው።»

«ከፍዬ ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ ገንዘቤን እቀበል ነበር! ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? አንድ ቀን እንኳ ሳንቲም ተቀብለውኝ አያውቁ! ምነው በከፈልኩ! ምነው እንደ ሰው ሰልፍ ይዤ፣ ከፍዬ፣ በሰላም በተቆረጥኩ!»

«ነፃ ነው ብዬ!» አለ ሹፌሩ ጭንቅላቱን ይዞ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ነፃ ነው ብዬ! የምገባበት ልጣ።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ የለየ የለም። ሰባቱ ባንድ ላይ ጮኹ፤ የሳሎኑ መብራት ተወዛወዘ፤ ጋጋሪው በሻይ ማንኪያ ጀርባ ማጅራቱን ለማየት ይታገላል፤ ሙሽራው ወደ እጮኛው ሊደውል ስልኩን አውጥቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አውልቃ ጠበቀች። ተጠንቶ የመጣ ንዴት በሥራዋ ብዙ አይታለች፤ ይሄ ግን የተጠና አልነበረም።

«የከፈለ ሰው ገንዘቤን ይላል» አለች ጫጫታው ሲበርድ። «እነዚህ የተናደዱት የሚያስመልሱት ገንዘብ ስላጡ ነው። ጡረተኛ ነዎት፣ አምኛለሁ። ፈቃዱ ለሁለታችሁም ይታደሳል።» በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች። «ግን አባቴ፣ ይህን ነገር ይተዉት። ለሰው ይዘኑ እንጂ።»

«እሺ ልጄ» አለ መቀሶ። ይህች «እሺ» ስትወጣ የሰማት ሁሉ ጥርስ ሲነቀል የሰማ ነው የመሰለው።

ምስክሮቹ ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ፤ አንዱ ኮቱን ተከናንቦ፣ አንዱ ጋዜጣ ደፍቶ። ባለቤቱ በሩን ዘግታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ይኸው አብረን ስናረጅ አንድ ቀን እንኳ ‹አልችልም› ስትል ሰማሁ!»

«መቼ አልኩ? በዓለም አንደኛ አበላሺ ነኝ ነው ያልኩት!»

በማግሥቱ ጠዋት እውነቱን ለመናገር ከበር በር ዞረ። ጭንቅላታችሁ እንከን የለውም፣ ትናንት ያልኩት ለቪዛው ነው ብሎ ለመነ። ማን ይመን? መቀሶ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ሲያሞግስ ያመነው አልነበረም፤ ራሱን ያዋረደ ቀን ግን ሕንፃው በሙሉ አመነው። «ለመንግሥት የተናገሩትን ነው የማምነው» አለው ጋጋሪው በሩን ሳይከፍት። ሙሽራው ጭራሽ መብራቱን አጠፋበት።

ከሰዓት ሹፌሩ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ መጣ። እንደ ተቀየመ ወደ በረንዳው ሄዶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«የግራውን ጎን አስተካክል።»

መቀሶ ጎንበስ ብሎ አየ። ከግራም ከቀኝም አንዲት ፀጉር አልተዛነፈችም፤ አሁን ቢነካው በእርግጥም ይበላሻል። «ጤነኛ ነው» ቢለው ደግሞ ሊከራከረው ነው። አንሶላውን ዘረጋ፣ ጭንቅላቱን በውሃ አራሰ፣ መቀሱን አነሣና ከግራው ጆሮ አጠገብ አየሩን ይቆርጥ ጀመር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ስለ ራሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ሹፌሩ እንኳ በዝምታው ደንግጦ ታሟል ወይ ብሎ በዓይኑ ይከታተለው ነበር።

መስታወት ሲሰጠው ፊቱ በራ። «አየህ? አሁን ገና ሰው መሰልኩ! ስትፈልግ እኮ ትችላለህ!» ብሎ በደረጃው በኩል ተጣራ፤ «ኑ ውጡ! አስተካክሎልኛል!»

ሙሽራው ባንድ እግሩ ጫማ አድርጎ ደረሰ። ጋጋሪው ከነሽርጡ፣ ሌሎቹም ተከታትለው። መቀሶ ያን ሁሉ ሰዓት አየር ሲከረክም ዋለ፤ መቀሱ ግሎ የአንሶላውን ጫፍ ሊያቃጥል ምንም አልቀረው። ሙሽራው ሁለተኛ ጫማውን ሊያመጣ ሲመለስ ተራው አልፎት የመጨረሻ ሆነ። መስታወቱን ወዲያ ወዲህ አዟዙሮ አየና የመቀሶን ግንባር ሳመው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነው እጅ!»

«ደህና ነው፣ ምንም አይል» አለ መቀሶ፣ ዓይኑን ጣራ ላይ ተክሎ።

ሰዎቹ እየተሳሳቁ ሲወርዱ ባለቤቱ መጥረጊያ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። ወለሉን አየች። ወንበሩ ሥር አጎንብሳ አየች። አንሶላውን አራገፈችው፤ አንዲት ፀጉር አልወደቀችም። ከዚያም ባሏን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና መጥረጊያውን ይዛ ተመለሰች።