የሸራው ጀርባ

1

ጀርባው አይታይም።

መጨረሻው ይኸው ነው። ተስፋ እንዳታደርጉ ብዬ አስቀድሜ ነገርኳችሁ።

2

ሰውየው ኦታቪዮ ብሬንዚ ይባላል፤ የጣሊያኗ ከተማ የቶሪኖ ሠዓሊ። እኔ የፈጠርኩት ነው፤ መዝገብ አታገላብጡ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ጠርሙስ፣ ባዶ ወንበርና በር እየሣለ ዘመናዊ የተባለ ሰው ነው። አንድ አመል ነበረበት፦ ፊቱ ያልተቀመጠ ነገር አይሥልም። ከፎቶግራፍ ሣል ቢሉት ወይ ፍንክች። ከትዝታ ቢሉት ደግሞ ይቆጣል፤ ትዝታ ውሸታም ነው ይላል። የሚሥለው ብርቱካን ከተበላበት ሌላ እስኪመጣ ብሩሹን አስቀምጦ ይጠብቃል።

ግትር ነው። የወደድኩትም ለዚሁ ነው።

3

ሚስቱ ኤርሲሊያ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሳንባዋን ታማ ሳለ አርባ አንድ ቀን ተቀመጠችለትና መልኳን ሣለ።

«አፌን አትዝጋው፤ እያወራሁ ሣለኝ» አለችው።

እንዳለችውም አደረገ። ሥዕሉ ላይ አፏ በትንሹ ተከፍቷል። በዚያው ጥር ሞተች። አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ ቀርቷል፤ እሱም ላይ ዓይኗን ጨፍናለች።

4

በዚያ የብርድ ወራት በቤቱ ያልነበሩ ነገሮች፦

ማገዶ።

ሥዕል ገዢ።

አዲስ ሸራ።

እሷ።

5

መንግሥት ስለ ስንዴ አዝመራ የሥዕል ውድድር አወጣ። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ፣ እኛም ኋላ ቤታችን ድረስ መጥተው ያወቅናቸው፣ ጠርሙስ አይወዱም፤ የሚወዱት ጡንቻ ነው። ኤርሲሊያ ያን አርባ አንድ ቀን ስትነዘንዘው የከረመችው ይህንኑ ነበር፦ «ለነሱ ከመሣል የሰው ግድግዳ ብትቀባ ይሻልሃል።» አሁን የሚነዘንዘው የለም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የእሷን ሸራ ከመወጠሪያው ፈታ፣ ገለበጠ፣ ጀርባው ላይ አጫጆች ሣለ። ሥራ የፈቱ ሦስት ጎረቤቶቹን ማጭድ አስይዞ አቆማቸው፤ አመሉ ነውና። መልኳን አላጠፋሁም፣ ከውድድሩ ትርዒት ሲመለስ ገልብጬ እሰቅላታለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

አሸነፈ።

6

(በትርዒቱ ጽሕፈት ቤት)

ጸሐፊው፦ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሲኞር ብሬንዚ። ሸራው ረግቦ ስለነበር ወፍራም ጣውላ ላይ በሙጫ አጣበቅንልዎ። ከእንግዲህ መቶ ዓመትም ቢሆነው አይጨማደድም።

ብሬንዚ፦ ጀርባውን አይታችሁታል?

ጸሐፊው፦ አዎን፣ የሴት ፊት ነበረበት። መለማመጃ መስሎን።

ብሬንዚ፦ አፏ ምን ያህል ተከፍቶ ነበር?

ጸሐፊው፦ ልብ አላልኩም።

7

ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። በአንዱ ሙጫውን በሙቅ ውሃ አስለቀቅኩለት። ውሸት ነው። ሙጫው ከተነሣ ቀለሙም አብሮ ይነሣል፤ ለብሬንዚም የነገሩት ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን አመሉን ሽሮ ከትዝታ ሊሥላት ተቀመጠ። ዓይኗን ጨረሰ፣ አፍንጫዋን ጨረሰ። አፏ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ረስቶታል። ሰው ሚስቱን ሁለት ጊዜ ሲቀብር መጻፍ ያማል፤ እኔን አሞኛል።

8

ከዚያ ወዲህ ምንም አልሣለም። ሰዉ «የአጫጆቹ ሠዓሊ» እያለ ያደንቀው ጀመር፤ ሲያደንቁት መንገድ ይቀይራል። ሥዕሉ ተመልሶለት አጫጆቹን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰቀላቸው። ወደ ክፍሉ የሚያየው ጣውላው ነው። በእሱና በእሷ መካከል አንድ ጣት የማይሞላ እንጨት አለ።

ጠዋት ጠዋት ቀለም ይበጠብጥና ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ቀለሙ ይደርቃል።

9

ከሥዕሉ ጋር ሠዓሊው የሚሞላው ቅጽ ከትርዒቱ መጥቶ ነበር። ብሬንዚ ሞልቶ ሳይጨርሰው ሞተ። እኔ ደግሞ አላየኋትም። እናንተ ግን ስትናገር ሰምታችኋታል፤ ቀሪውን እናንተ ሙሉት።

ሠዓሊ፦ ኦታቪዮ ብሬንዚ

ፊት፦ አጫጆች

ጀርባ፦ አንዲት ሴት፤ እንዲህ እያለች፦