የታች ሰፈር ሽፋን

ክርፋት እንደ ባለጉዳይ ወረፋ አይጠብቅም። በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ለአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል የተሰጠው ቢሮ ምድር ቤት ነበር፤ ከሠራተኞች ሽንት ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሌሊቱን ታምቆ ያደረው ግማት ከሰው ቀድሞ ደህና አደርሽ ይላል። ሽንት ቤቱ በር ላይ ክፍሉ ራሱ ያሳተመው ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ አረፋ የለበሱ ሁለት እጆች፣ ከሥራቸውም "እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ" የሚል ጽሑፍ። ከበሩ ወዲያ ያለው ቧንቧ ግን ከውሃ ጋር ከተለያየ ቆይቷል። ሲከፍቱት እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። የገባው ሁሉ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይወጣና ለሰላምታ ይዘረጋዋል።

ያን እጅ በየቀኑ የምትጨብጠው የክፍሉ ባለሙያ "ሳሙና" ትባላለች። ስሙን ያወጡላት የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሳሙናና ጆግ ይዛ በየደጃፉ እየዞረች ስለምታስተምር። ሰፈሩ መግቢያ ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ገና ከሩቅ ሲያያት "ሳሙና መጣች፣ እጃችሁን ደብቁ" እያለ ያውጃል። ስሙ ተከትሏት ቢሮ ገባ፤ መዝገብ ቤቷ ሳትቀር በዚያው ትጠራት ጀመር።

ባሕር ማዶ ብዙ ዓመት ተምራ ስትመለስ ያሳደጓት አክስቷ ምን እንደተማረች ጠይቀዋት ነበር። አብራራችላቸው። አክስቷ በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ "እንግዲያ ይህን ሁሉ ባሕር የተሻገርሽው እጅ ለመታጠብ ነው" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እሷም ሳቀች። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ውሃ ለሌለው ሰው ስለ መታጠብ፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ለሚፈስበት ሰው ስለ ሽንት ቤት አያያዝ ስታስተምር፣ አፏ እያወራ ሆዷ "ማንን ነው የምታታልዪው?" ይላታል።

አክስቷ የታች ሰፈር የመጨረሻው ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። የላይ ሰፈር እዳሪ፣ የዕቃ እጣቢ፣ የመኪና ማጠቢያው ቅባት፣ ሁሉም በአንድ ክፍት ቦይ እየተግተለተለ ይወርድና በደጃፋቸው አልፎ ከመንገድ ሥር ባለ ቱቦ ይወጣል። ስኳር በሽታ አለባቸው። ከዚያው የተነሳ ግራ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ከርሞ፣ በቅርቡ ገና መጠገግ ጀምሯል። የጤና ጣቢያው ቁስል አጣቢ ደጋግማ አስጠንቅቃለች፤ ቆሻሻ ውሃ አንዴ ከነካው ነገሩ ወደ መቆረጥ ይሄዳል። ሳሙናም በሥራም ሆነ በእረፍት አንድ ጭንቀት ብቻ ነበራት፤ ያ እግር ደረቅ እንዲሆን።

ነገሩ የተበላሸው በአንዲት ቃል ነው። ምርጥ ሰፈር የሚመርጡ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው፣ ንግግሩን ሁሉ "ጭብጨባ" ብሎ ስለሚዘጋ ከጀርባው አቶ ጭብጨባ የሚባለው፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ወትፎ ስብሰባውን ይመራል። ተራዋ ሲደርስ ሳሙና፣ በታች ሰፈር ሽፋኑ ገና ግማሽ መሆኑን፣ እንግዶቹ ሳይመጡ ሙሉ መሆን እንዳለበት ተናገረች። በቢሮ ቋንቋ ሽፋን ማለት ትምህርቱ ለስንት ሰው ደረሰ ማለት ነው፤ ተጨማሪ አስተማሪ መጠየቋ ነበር። አቶ ጭብጨባ ስልኩን ለአፍታ ከጆሮው አነሳና "ይሸፈናል" አለ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ሲላት ሰምታ ስለማታውቅ ደስ አላት፤ ይህን ሰውዬ ያለስሙ ስም ሰጥቼው ነበር እንዴ ብላ እስከ ማዘን ደረሰች።

ከቀናት በኋላ ሳሙናና ጆጓን ይዛ ስትወርድ ቦዩ የለም። ከላይ እስከ ታች ቀይ አፈር የተነሰነሰበት ጠባብ መንገድ ተዘርግቷል። ረገጠችው፤ ባዶ ከበሮ ድምፅ ሰጠ። በጫማዋ ጫፍ አፈሩን ገለጥ ስታደርገው አንድ ዓይን አየች። ጎንበስ ብላ ጠረገችው። በክፍሉ ባነር ላይ እጇን እየታጠበች የምትስቀው ሕፃን ናት። ጣውላ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ባነሩ በላዩ ተነጥፎ በሚስማር ተመቷል። የሕፃኗ ጥርስ መሐል አንድ ወፍራም ትል ከተቀደደው ቀዳዳ ወጥቶ ይላወሳል። ሳሙና ሰቀጠጣት፤ አፏን በክንዷ ይዛ ዞር አለች።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለ ጫማ ሰፊው ከመርፌው ቀና ሳይል። "ያልሽው ሽፋን ደርሶናል።"

"ማን ነው የሠራው?"

"የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ናቸዋ። ለምን ብንላቸው፣ የትምህርት ክፍሏ ሽፋን ጎደለ ብላ ከስሳ ነው አሉን። እኔ እንደሆነ የተማረ ሰው አልነካም፤ ዝም አልኩ።"

ሮጣ ቢሮ ተመለሰችና ለአቶ ጭብጨባ አስረዳችው፤ ሽፋን ስትል ትምህርት ማለቷ እንደሆነ፣ ጣውላው ስስ ስለሆነ ቦዩ ውስጥ ወድቆ ቱቦውን እንደሚደፍን፣ ፍሳሹም ተመልሶ ቤት እንደሚገባ። ሰውየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ፣ "ታዲያ ምን አለበት?" አላት። "እንዲያውም ይኼኛው ሽፋን ይሻላል። ያንቺው አይታይም፤ ይኼ ይታያል።"

"እባክዎ ይከፈት።"

"እንግዶቹ ይምጡና ይሂዱ፤ ያኔ ይከፈታል። እስከዚያ ገበናችንን ሸፍነን እንቀመጥ።"

ለስም አጠራሩ የጨዋ ቃል ነው፣ ገበና። እሱ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ቃሉም ገማ። ሳሙና ወጥታ የግንባታ ክፍሉን ለመነች፤ ያለ ኃላፊው ትእዛዝ አንድ ሚስማር አንነቅልም አሏት። ለማን አቤት ይባላል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

እንግዶቹ በሚመጡበት ዋዜማ ዝናቡ ወረደ። በማግስቱ ገና ሰማዩ ሳይገላለጥ ታች ሰፈር ስትደርስ የአክስቷ ደጃፍ ኩሬ ሆኗል። ከአክስቷ ቤት ፊት ለፊት ጣውላው ተሰብሮ ከነአፈሩ ወርዷል፣ የቱቦውንም አፍ ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ቦዩ መሄጃ ሲያጣ የዞረው ወደ ቤቱ ነው። በሩን ስትገፋው ከሥሩ የሆነ ነገር ተንቦጫረቀ። መሬቱ አይታይም። ጥቁር ውሃ ላይ አረንጓዴ ልጋግ ይንሳፈፋል፣ ስሙን ልትጠራው የማትፈልገው ነገር በዝግታ እየዞረ የወንበሩን እግር ይልሳል። ግማቱ አፍንጫ ብቻ ሳይሆን ምላስ ላይ ያርፋል። ምራቋን ልትተፋ ብላ የት እንደምትተፋው ጠፋት።

አክስቷ አልጋቸው ላይ ወጥተው፣ የታመመውን እግር ትራስ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

"ነይ ግቢ" አሉ። "ዛሬ እንኳ ጫማ አታውልቂ።"

ሳሙና ሳቅ አልመጣላትም። ጀርባዬ ላይ ይታዘሉና ላውጣዎት ብላ ለመነቻቸው። አክስቷ ከፍራሹ ሥር የሚላወሰውን አዩ፣ የእሷን ቀጭን ትከሻ አዩ።

"አዳልጦሽ ብትወድቂ ይህ እግር የሚገባው የት ነው?" አሉ ቀስ ብለው። "ውሃውን አውጪልኝ፣ እኔ ራሴ እወጣለሁ። ዝናቡ ከደገመ ግን ፍራሹን ያገኘዋል። እኔም ወፍ አይደለሁ፣ ጣሪያ ላይ አልሰፍር።"

ሰማዩ ከላይ ሰፈር በኩል እንደገና ጠቁሯል። ሳሙና እስከ ጉልበቷ ጨቅይታ ወጣች። አቶ ጭብጨባ ከቦዩ ራስጌ አዲስ ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ አፈር እየበተኑ የተሰነጠቀውን ይደፍናሉ። አክስቷ ቤት ውሃ መግባቱን፣ እግራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ነገረችው። ከጉልበቷ በታች ያለውን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ለእንግዶቹ እንዳትታይ ቢሮ ሄዳ ልብስ እንድትቀይር መከራት። አንድ ሰዓት ታገሺ፣ አክስትሽ ይህን ያህል ዘመን ታግሰው የለም እንዴ አላት። የእንግዶቹ መኪና የደረሰውም ይህን ሲል ነው።

እንግዶቹ ወረዱ። ለእያንዳንዳቸው "ንጹህ ሰፈር፣ ንጹህ ልብ" የሚል የተጻፈበት ነጭ ሻሽ ተሰጣቸው። ከጣውላው ሥር በየስንጥቁ ሽታው ብቅ ብቅ ስለሚል አንዳንዶቹ ሻሹን ከወዲሁ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ነገር ግን የአክብሮት ምልክት ሳይሆን አልቀረም ተብሎ ታለፈ። አቶ ጭብጨባ ሽፋኑ ላይ ወጥቶ፣ ይህ ቦታ ትናንት ምን እንደነበር ዛሬ ምን እንደሆነ ይተርክ ጀመር። ሲረግጥ ጣውላው እጥፍ ይላል፣ እጥፍ ባለ ቁጥር ከሥሩ የሆነ ነገር ቧ ይላል።

ሳሙና ከሠራተኞቹ ጋሪ ላይ ዲጂኖ አነሳች።

"ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጠጋ በሉ" አለች። "ከዚህ ሥር ያለው አክስቴ ቤት ገብቷል።"

የብረቱን ጫፍ በሕፃኗ ሳቅና በጣውላው መሐል አስገብታ ተንጠለጠለችበት። ሚስማሩ እያቃሰተ ተነቀለ። ለቀናት ታፍኖ የቆየው ጥንባት እንደ ትኩስ እስትንፋስ ፊታቸው ላይ ወጣ። ከጣውላው ሆድ ሥር ትሉ እንደ ሩዝ ተጣብቋል። አንዱ እንግዳ ወደ መኪናው ሮጦ ጎማው ሥር አስታወከ፤ ሌሎቹ ሻሹን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ። አቶ ጭብጨባ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀረ ስንል ግን ለአፍታ ነው፤ ድመት ከሰገነት ብትወረወር በእግሯ ነው የምታርፈው።

"እንግዲህ ክቡራን እንግዶች" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ይህ የትምህርት ክፍላችን የተግባር ማሳያ ነው። ችግር ተሸፍኖ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል በዓይናችሁ አያችሁ። ጭብጨባ!"

አጨበጨቡ። ባለሻሾቹ አንድ እጃቸውን ከአፍንጫቸው ሳያነሱ በሌላው ጭናቸውን እየመቱ አጨበጨቡ። ሽበት ያላቸው አንዲት ገምጋሚ ከሽታው የመጣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ እንዲህ ያለ ልብ የሚነካ አቀራረብ የትም አላየሁም አሉ።

ሳሙና አልሰማችም ወይም እንዳልሰማች ሆነች። ቁልቁል ሄዳ የቱቦው አፍ ላይ የወደቀውን ጣውላ መጎተት ያዘች። ጫማ ሰፊው መርፌውን ትቶ መጣ፤ "ይቺን ልጅ ብቻዋን አንተዋትም፣ ነገ ሳሙና ማን ያሳየናል" እያለ ወገቡ ድረስ ገባ። የመጨረሻው ጣውላ ሲላቀቅ ቱቦው እንደ ትልቅ አውሬ ጉሮሮ አጉረመረመና ውሃውን ዋጠው። በአክስቷ በር በኩል ጥቁሩ ውሃ ወደ ኋላው መጎተት ጀመረ።

የምርጥ ሰፈር ዋንጫው ለታች ሰፈር ተሰጠ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አቶ ጭብጨባ ዋንጫውን በብብቱ ይዞ፣ ደረቅ ደረቁን እየመረጠ ወደ እሷ መጣ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል።

"እንዲህ ያለ ብልሃት እንዳለሽ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሚመጣው ወር ደግሞ ሌሎች እንግዶች አሉ። ልጆቹ ይሸፍኑታል፣ አንቺ እንደ ዛሬው ትከፍቺዋለሽ።"

ቀና ብላ አየችው። ይቀልዳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት የለም። ጫማው ያበራል። ጠዋት ወንበር ሲልስ ያየችው ነገር ከዚህ ሰው ይልቅ ንጹህ መሰላት፤ እሱ ቢያንስ መሄጃ ስላጣ ነው ሰው ቤት የገባው። ወደ ቦዩ ራስጌ ወጥታ፣ እርጥበት ያልነካውን ጣውላ እየነቀለች ማጋዝ ጀመረች። ሰፈርተኛው ምን እንደምትሠራ ሳይጠይቃት አብሯት ተሸከመ፤ ባነሩን ግን ማንም ሊነካው አልወደደም፣ እዚያው ጭቃው ላይ ቀረ።

የአክስቷ ቤት ታዛ ሥር ጣውላው ተፈልጦ ነደደ። በርሜል ሙሉ የዝናብ ውሃ ፈላ። ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የወንበሩን እግር ጎረቤት ሁሉ ተራ እየገባ ፈተገው። ሽታው ግን አልወጣም፤ ከፀጉሯ ይመጣል ብላ ፀጉሯን ታጠበች፣ ከጥፍሯ ነው ብላ ጥፍሯን ቆረጠች።

ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የአክስቷን እግር ጭኗ ላይ አደረገች። የፋሻው ጫፍ እርጥብ ነው። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፤ ነገር ግን ዛሬ ሁሉም ነገር የሚሸተው አንድ ዓይነት ነው፣ ላብ ይሁን ያ ነገር መለየት አቃታት። ፋሻውን ቀስ እያለች ፈታችው። ሁለተኛው ዙር ረጠብ ብሏል። ሦስተኛው ደረቅ ነው። ከሥሩ ያለው ቁስል እንደነበረው ጠግጎ፣ ዙሪያው ነጭ ሆኖ ተኝቷል።

ትንፋሿን ለቀቀች። አክስቷ ወደ እሳቱ፣ ጣውላው ወደሚንጣጣበት አዩ።

"ያ ሽፋን ያላችሁት ነገር" አሉ፣ "ለካ እሳት ሲነካው ነው የሚጠቅመው።"

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አቶ ጭብጨባ ነው፤ ጣውላውን እንዲሰበስቡ የላካቸው ሠራተኞች ባዶ እጃቸውን ሳይመለሱ አልቀሩም። አክስቷ አንሺው እንጂ አሏት።

ሳሙናውን እጇ ላይ እያሸች፣ "እጄ ሳሙና ነው" አለችና የአክስቷን ተረከዝ ማጠብ ጀመረች።