እጅ ላይ የተጻፈው ቁጥር

አውስትራሊያ፣ ጂሎንግ ከተማ ባለው የመካንነት ክሊኒክ፣ እንቁላል የተወሰደላት ሴት ከማደንዘዣ ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው እጇን ነው። ስንት እንቁላል እንደተገኘ ነርሷ በእስክሪብቶ ትጽፍበታለች። ብሮንዊን ሦስት ጊዜ ነቅታ ሦስቴም ዜሮ አነበበች፤ ሦስቴም ቆዳዋ እስኪቀላ በሳሙና ፈግፍጋ አጠበችው።

"ተይው በቃ፣ የኔን እንቁላል ውሰጂ" አለቻት የአክስቷ ልጅ ታሊያ።

"ሽንኩርት አደረግሽው እንዴ?"

"ሽንኩርትማ ተወዷል፤ እሱን አልሰጥሽም!"

ታሊያ ዐሥር ቀን ሙሉ ሆዷን እንቁላል በሚያበዛ መርፌ ስትወጋ ሰነበተች። እንቁላሉ ተወስዶላት ስትነቃ፣ ብሮንዊን እጇን ቀልባ ይዛ ጮኸች።

"ዐሥራ አራት! አንቺ፣ ዶሮ ነሽ እንዴ?"

እንቁላሎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ከብሮንዊን ባል ዘር ጋር ተገናኙ። ከተገኙት ፅንሶች አንዱን ሐኪሟ በብሮንዊን ማህፀን ውስጥ አስቀመጠችው። ያዘ!

በዘጠነኛው ወር ታሊያ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ፣ አዲስ የተወለደችው ሕፃን በብሮንዊን ደረት ላይ ተለጥፋ ትጠባለች። ታሊያ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች።

"እጅሽን አምጪ።"

ብሮንዊን ዘረጋችላት። ታሊያም በትልቁ 1 ብላ ጻፈችበት።

ብሮንዊን እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

"ይሄንንስ" አለች፣ "ሞቼ ነው የማጥበው!"