ያልፈረሙት ሽማግሌ

እታገኝ ወደ ፍርድ ቤቱ ግቢ ገባች። ለቀበሌው ደብዳቤ ብቻ ሦስት ቀን ተመላልሳለች። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው ተባለች፤ በማግስቱ የማህተሙ መሳቢያ ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ነው አሏት፤ በሦስተኛው ቀን ቤቱ የእሷ መሆኑን የሚገልጸውን ወረቀት ሰጧት። ነገ ማለዳ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ሆዷ ውስጥ ያለውን እባጭ ሐሙስ በቀዶ ጥገና ያወጡላታል። ሐኪሙ «አይዞሽ» ብሏታል። ሐኪም አይዞሽ ሲላት ደግሞ ይብስ ትፈራለች።

ስለዚህ ኑዛዜዋ ዛሬ መጽደቅ አለበት። ያላት አንድ ቤት ናት፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን። ባሏ ጉደታ ከመሞቱ በፊት በእሷ ስም ያስመዘገባት ናት። ልጅ አልወለዱም። ለሊሴን በጨቅላነቷ በጉዲፈቻ ወስደው አሳደጉ፤ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የጉደታ ወንድም ነጋሳ ግን «ደማችን ያልሆነች ልጅ የወንድሜን ቤት አትወርስም» እያለ በየጠላ ቤቱ ሲያወራ ከርሟል።

ምስክር ስትፈልግ የከተማ ሰው ያልጠራችው ለዚሁ ነው። ከጉደር ማዶ፣ ከባሏ አገር፣ ከባሏ ዘር አራት ሽማግሌ ለምና አመጣች። የራሱ ዘመዶች ከፈረሙ ነጋሳ በምን አፉ ይናገራል ብላ። ሽማግሌዎቹ በሌሊት ተነስተው በእግራቸው መጡ። ታላቃቸው ኦቦ አመዩ እሷንና ጉደታን ያጋቡ ሰው ናቸው።

ሬጅስትራሩ አቶ ተሬፋ፣ በር ላይ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ የጻፈላትን ኑዛዜ ጮክ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ ወደ ኦቦ አመዩ ዞረ።

«አባቴ፣ ቤቱን ለማን አለች?»

ኦቦ አመዩ አንገታቸውን ደፋ አድርገው «ዋቅኒ ሃ ኤቢሱ» አሉ። እግዜር ይባርክ ማለታቸው ነው።

«እሱማ አሜን። እኔ የተነበበውን ነው የጠየቅኩት።» ሁለተኛውን ጠየቀ፤ ሰውየው ፈገግ አሉለት። ሦስተኛውም አራተኛውም ያው ናቸው። «እትዬ እታገኝ፣ እነዚህ አባቶች እኮ አማርኛ አይሰሙም።»

«አንተ የጌዶ ልጅ አይደለህ እንዴ? በኦሮምኛ ንገራቸዋ!»

«እኔ መናገሩ አያቅተኝም። ሕጉ ግን ምስክሩ ራሱ የጽሑፉን ቋንቋ ማወቅ አለበት ይላል። ነገ ተቃዋሚ መጥቶ ‹የፈረሙበትን አያውቁትም› ቢል ኑዛዜሽ ፉርሽ ነው።»

«እንግዲያው በኦሮምኛ ጻፈው።»

ተሬፋ በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «እሱን ለእኔ አትንገሪኝ። መዝገብ ቤት የሚቀበለው አማርኛ ብቻ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ሰው አምጪ፤ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለብን።»

ወጥታ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹም አጠገቧ ተደረደሩ። እንባ እንኳ አልመጣላትም፤ ደክሟታል። ፊት ለፊቷ ባለጉዳይ የሆነ ከድሮ የሚባል ነጋዴ ተቀምጧል። ሲያያት አንጀቱን በላችው መሰል፣ ሊያጫውታት ሞከረ።

«አይዞሽ እናቴ፤ እኔ ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ። በቅሎዬ መንገዱን ለምዳ አሁን ብቻዋን ትመጣለች። ቀጠሮ ግን ለእሷም አልሰጧት።»

ኦቦ አመዩ ፍርፍር ብለው ሳቁ።

እታገኝ ቀስ ብላ ዞራ አየቻቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን እያዩ ነው። የሳቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ኦቦ አመዩ፣ ምን አሳቀዎት?» አለች በአማርኛ።

 እሳቸውም በአማርኛ መለሱላት። «በጃንሆይ ጊዜ በመሬት ክርክር ስምንት ዓመት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዞሬያለሁ። ሳልወድ ገባኝ።»

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ምን ሆኑ?»

«ነጋሳ ከአጥሬ ማዶ ነው ያለው፣ ሀዳ ለሊሴ። በሬዬ ሲጠፋ አብሮኝ የሚፈልገው እሱ ነው። ስሞት ሬሳዬን የሚያወጣው እሱ ነው። አልፈርምም ብዬ በሰው ፊት ከማሳፍርሽ አልሰማሁም ይሻላል አልኩ።»

ሀዳ ለሊሴ፣ የለሊሴ እናት፣ ብለው ነው የሚጠሯት፤ ለእናትነቷ ግን አይፈርሙም። ልትሳደብ አፏን ከፈተች። ጉልበት አጣችና ዘጋችው። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች።

«አማርኛ የሚሰማ፣ መታወቂያ የያዘ፣ ሥራ የፈታ ሰው!» ብላ በግቢው ሙሉ ጮኸች።

«ሥራ የፈታስ እዚህ ሞልቷል» አለ ከድሮ እየተነሳ። አንድ መምህር፣ አንድ ጡረታ የወጣ ወታደርና ለፍቺ የመጣች ሴትዮ ተከተሉት። ተሬፋ ደግሞ ከመጀመሪያው አነበበ።

«ቤቱን ለማን አለች?»

«ለልጇ ለለሊሴ» አለ ከድሮ። «ከነጓሮው።»

አራቱም ፈረሙ። እታገኝ በመሠረተ ትምህርት የለየቻቸውን የስሟን አራት ፊደሎች አንድ በአንድ አስቀመጠች። ማህተሙ ተመታ። አንዱ ቅጂ ለመዝገብ ቤት ቀረ፤ አንዱን ሰጧት።

ሽማግሌዎቹ አሁንም አግዳሚው ላይ ናቸው። ቀጥ ብላ ኦቦ አመዩ ፊት ቆመችና ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

«ይህን እርስዎ ያኑሩልኝ።»

«እኔ? አልፈርምም አላልኩሽም?»

«አልፈረሙም። ያኑሩልኝ ነው ያልኩት። ቤት ብተወው እኔ ሳልኖር ነጋሳ ገብቶ ይቀደዋል። የእርስዎን ቤት ግን አይደፍርም።»

«ነጋሳ ቢጠይቀኝስ?»

«‹እኔ ጋ ነው› ይበሉት።»

ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ አዟዟሩት። «ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ።»

«እወስደዋለሁ።»

«ካልተመለስሽስ?»

«ወረቀቱ ምን እንደሚል እርስዎ ያውቁታል።»

እጇ ተዘርግቶ ቆየ። ኦቦ አመዩ ወደ ጓደኞቻቸው አዩ፣ ወደ በሩም አዩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ቦታ አጠፉና ከጋቢያቸው ስር ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ኪሱን በቁልፉ እስኪዘጉት ድረስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ለነገ መንገድ ምንም ስንቅ እንዳላዘጋጀች ትዝ አላትና ነጠላዋን አጣፍታ ቀስ እያለች ወደ ቤቷ ሄደች።